ዳኛ የተሰየመለት ቅርስ

በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ከኦታዋ በስተምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ የሚደረስባት ማክስቪል የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ከአንድ ሺህ አይበልጡም፤ ዙሪያዋን የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ፣ እንዲሁም የወተት ላሞች የሚረቡባቸው እርሻዎች ከበዋታል። በየዓመቱ በኦገስት መግቢያ ላይ ግን ለሁለት ቀናት የመንደሯ መልክ ይለወጣል። ከነዋሪዎቿ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ ከካናዳም ከአሜሪካም ተጠራርቶ ይመጣል፤ ሜዳው ኪልት የሚባለውን የስኮትላንድ ሽርጥ በታጠቁ ወንዶች፣ ባግፓይፕ የሚባለውን ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ በታቀፉ ወጣቶችና የተወዳዳሪ ቁጥር በወገባቸው ላይ ባንጠለጠሉ ሕፃናት ይሞላል። በዓሉ የግሌንጋሪ የሃይላንድ (የደጋማው ስኮትላንድ) ጨዋታዎች ይባላል፤ ግሌንጋሪ ማክስቪል የምትገኝበት አውራጃ ነው። የተጀመረው በ1948 ሲሆን የመጀመሪያውን ዝግጅት የከፈቱት በጊዜው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማኬንዚ ኪንግ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ከስኮትላንድ ጋር የደምም የጋብቻም ዝምድና የለኝም። ወደዚያ ሜዳ የሚወስደኝ፣ በስደት የመጣ ሕዝብ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ከአያቶቹ ምን ይተርፈዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ልጆቼ እዚሁ አገር ተወልደው እያደጉ ስለሆነ ጥያቄው የሌላ ሰው ጉዳይ ሊሆንልኝ አልቻለም። የእኛ ሰው በብዛት ወደ ሰሜን አሜሪካ መምጣት ከጀመረ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እነርሱ ግን ከእኛ በፊት ረጅሙን መንገድ ሄደውታል፤ ምን እንደያዙና ምን እንደጣሉ ሜዳው ላይ በግልጽ ይታያል።

የግሌንጋሪን አውራጃ ያቀኑት ሰዎች አገራቸውን የለቀቁት ወደው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1746 ኤፕሪል 16 ቀን በኩሎደን ሜዳ የደጋማው ስኮትላንድ ጎሳዎች የደገፉት ዐመፅ በመንግሥት ጦር ከተደመሰሰ በኋላ፣ የለንደን መንግሥት የጎሳ ሥርዓቱን ከሥሩ ለመንቀል ተነሣ። ከ1747 ጀምሮ ወንዶች የደጋውን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ተከለከለ፤ ኪልት ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ሁለተኛ ከተያዘ ባሕር ማዶ ለሰባት ዓመት ይጋዛል። ይህ ሕግ የተሻረው በ1782 ነው። ከልብሱ ክልከላ ይልቅ ሕዝቡን የጎዳው ግን የመሬቱ ነገር ነበር። ቀድሞ እንደ አባት የሚታዩት የጎሳ አለቆች ቀስ በቀስ ኪራይ ሰብሳቢ ባለርስቶች ሆኑ፤ ኪራዩ ናረ፤ ውሎ አድሮም ሰው ይኖርበት የነበረው ሸለቆ ለበግ ማርቢያ ተፈለገ።

በ1773 ፐርል የተባለች መርከብ ከስኮትላንዱ ፎርት ዊሊያም ወደብ የተነሡ ቤተሰቦችን ይዛ ኒውዮርክ ገባች፤ ሰዎቹም በሞሃውክ ወንዝ ሸለቆ ሰፈሩ። ጎጆ ቀልሰው ሳይደላደሉ የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ተነሣ። ከንጉሡ ወገን ስለቆሙ ሲሸነፉ መሬቱንም ቤቱንም ትተው ወደ ሰሜን ሸሹ፤ በ1784 ከቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ በስተሰሜን ያለው ደን ተሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በደጋማው ስኮትላንድ ካለው ኖይዳርት የተነሡ 500 ያህል ሰዎች ቄሳቸውን ይዘው ተቀላቀሏቸው። የተበተነው የግሌንጋሪ ክፍለ ጦር ወታደሮችም በ1804 አካባቢ፣ በኋላ የኪንግስተን የመጀመሪያው የካቶሊክ ጳጳስ የሆኑትን አሌክሳንደር ማክዶኔልን ተከትለው መጡ። ዘመድ ዘመዱን እየሳበ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እያስከተለ፣ አንድ አውራጃ ሙሉ ሕዝብ ከነሃይማኖቱ፣ ከነቋንቋውና ከነመንደር ስሙ ወደ ካናዳ ደን ተዛወረ። ከስደት ላይ ሌላ ስደት የደረሰበት ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ዛሬ በሜዳው ላይ እንደ ጥንት አባቶች ሥርዓት የሚታየው ነገር ሁሉ እንዳለ ከጥንት የተወረሰ አይደለም። ጉልበት መፈታተን፣ ድንጋይ መወርወርና ተራራ ላይ መሮጥ በደጋው ዘንድ የቆየ ልማድ ነበር፤ በፕሮግራም የተደራጀ፣ ዳኛና ሽልማት ያለው ዓመታዊ በዓል ሆኖ የወጣው ግን በአብዛኛው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። የለንደን የሃይላንድ ማኅበር በፎልከርክ የባግፓይፕ ውድድር ያዘጋጀው በ1781 ነበር፤ የብሬማር ጨዋታዎች ከ1832 ጀምሮ ተካሂደዋል፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1848 ተገኝታ ከተመለከተችው በኋላ ደግሞ የመኳንንት ፋሽን ሆነ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የራሱ የግሌንጋሪ አለቃ የአላስዴር ራናልድሰን ማክዶኔል ታሪክ ነው። በ1815 የእውነተኛ ሃይላንደሮች ማኅበር የሚባል አቋቁሞ፣ ሙሉ የጎሳ ልብሱን ለብሶ በታላቅ ሠዓሊ ተሥሎ፣ ጨዋታዎችን ያስተናግድ የነበረው ይኸው ሰው ተከራዮቹን ከርስታቸው ሲያስለቅቅ የኖረ ነው። ባህሉን የሚያሞግሰውና የባህሉን ባለቤቶች የሚያፈናቅለው አንድ እጅ ነበር።

ታዲያ ይህን ያወቀ ሰው የማክስቪሉን በዓል እንደ ሐሰት ሊቆጥረው ይገባል? እኔ አይመስለኝም። የተፈናቀሉት ሰዎች ልጆች ባለርስቶቹ ያስጌጡትን ነገር ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። በኖቫ ስኮሺያ አንቲጎኒሽ የሚካሄደው ጨዋታ ከ1863 ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ ከስኮትላንድ ውጪ ሳይቋረጡ ከቆዩት ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። በአሜሪካም በ1836 በኒውዮርክ፣ በ1853 በቦስተን የስኮትላንድ ተወላጆች ማኅበራት ተመሳሳይ ጨዋታዎችን አዘጋጅተዋል፤ ዛሬ በኦሊምፒክ የምናያቸው የመዶሻና የአሎሎ ውርወራዎች መነሻቸው ከእነዚህ ሜዳዎች ጋር የተያያዘ ነው። ባለርስቶቹ ከሞቱ ዘመናት አልፈዋል፤ የሚያርሰው፣ የሚያስተምረውና መኪና የሚጠግነው ሰው ግን ዛሬም በየዓመቱ ኪልቱን ታጥቆ ወደ ማክስቪል ሜዳ ይመጣል።

ከውድድሮቹ ሁሉ ዓይን የሚስበው ኬበር ነው። ኬበር ቅርንጫፉ ተመልምሎ፣ ቅርፊቱ ተልጦ የተዘጋጀ፣ አንድ ጫፉ ወፍራም ሌላው ቀጠን ያለ ግንድ ነው፤ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሜትር፣ ክብደቱ ከ40 እስከ 70 ኪሎ ይደርሳል። ረዳቶች ወፍራሙን ጫፍ ወደ ሰማይ አድርገው ያቆሙለታል። ተወዳዳሪው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ግንዱ ላይ ያስደግፍና ጣቶቹን ቆላልፎ ቀጭኑን ጫፍ ከሥር ይጨብጣል፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ብድግ ያደርገዋል። እንዲያ ቆሞ ሲያዩት ግንዱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሰውየውም ሚዛኑ እንዳይስትበት እግሩን እየቀያየረ ይከተለዋል። ሚዛኑ ልክ በያዘለት ቅጽበት ወደ ፊት ይሮጣል፣ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ባለ በሌለ ኃይሉም ወደ ላይ ይመነጭቀዋል። ግንዱ አየር ላይ ተገልብጦ ወፍራሙ ጫፍ መሬት ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን የሚይዘው፤ ምክንያቱም ቀጭኑ ጫፍ ዞሮ ወደ ፊት ይወድቅ እንደሆነ ወይም ወደ ኋላ ይመለስ እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ያላወቀ ሰው አሸናፊው አርቆ የወረወረው ይመስለዋል። ርቀት በኬበር አይቆጠርም። ዳኛው ከተወዳዳሪው ኋላ ሆኖ የሚያየው ግንዱ ተገልብጦ ሲያርፍ ከሯጩ መስመር ጋር ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደወደቀ ነው፤ በሰዓት ገጽ ላይ 12 ቁጥር ባለበት አቅጣጫ ያረፈ ፍጹም ይባላል፤ ወደ 11 ወይም ወደ 1 ያዘነበለ ነጥብ ይቀነስበታል። ጉልበት ብቻውን ዋጋ የለውም ማለት ነው። ግዙፍ ሰው ግንዱን ሽቅብ አጉኖ ሲያበቃ ጠማማ ስለወደቀበት ብቻ ከእርሱ በአካል በሚያንስ ሰው ሲሸነፍ ተመልክቻለሁ። የመዶሻውም ሕግ እንዲሁ ጥብቅ ነው፤ ወርዋሪው ጫማው ላይ በተገጠመ ስለት መሬቱን ቆንጥጦ እግሩን ሳያነሣ ይወረውራል እንጂ እንደ ኦሊምፒኩ አይሽከረከርም። 25 ኪሎ ከግማሽ ገደማ የሚመዝን ብረት በአንድ እጅ ከከፍታ ዘንግ በላይ የሚወረውሩም አሉ።

ልቤን የነካው ግን ከወርዋሪዎቹ ሜዳ ራቅ ብሎ በእንጨት መድረክ ላይ የሚካሄደው የልጆች የጭፈራ ውድድር ነው። የሰይፍ ጭፈራ በሚሉት፣ ሁለት ሰይፎች ተመሳቅለው መሬት ላይ ይጋደማሉ፤ ጨፋሪዋ በሰይፎቹ ዙሪያና በመካከላቸው ባሉት አራት ክፍተቶች ውስጥ በእግር ጣቷ እየነጠረች ትጨፍራለች፤ ባግፓይፕ ነፊውም በመጨረሻ ምቱን ያፈጥንባታል። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው የምላት አንዲት ልጅ፣ ምቱ ሲፈጥን በጫማዋ ጫፍ ሰይፉን ገፋችው። ሰይፉ የተንቀሳቀሰው ጥቂት ነው፤ ተመልካቹም ሳያይ ያለፈው ይመስለኛል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ዳኛ ግን አየች፤ ወረቀቷም ላይ ጻፈች። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ጨፍራ፣ እጅ ነሥታ ወረደች። እናቷ አላጽናናቻትም፤ መምህሯም «ጎበዝ ነሽ» አላለቻትም። መምህሯ ከድንኳኑ ኋላ ወሰደቻትና ሁለት ዱላ ሣሩ ላይ አመሳቅላ አስቀመጠችላት፤ እግሯ የሳተበትን እርምጃም ደጋግማ አስረገጠቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ፊት ኮስተር ያለ ነበር።

ይህን ካየሁ ወዲህ የጨዋታው ዕድሜ ምሥጢር ዳኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ናፍቆት ከአንድ ትውልድ አያልፍም፤ ያላየሁትን አገር እንዴት እናፍቃለሁ? የስኮትላንድን ጭጋግ በዓይኑ ያላየ የግሌንጋሪ ልጅ በዓመት ሁለት ቀን ኪልት ስለለበሰ ብቻ የአያቶቹ ወራሽ አይሆንም። ዳኛ የሚጠብቀው ልጅ ግን ክረምቱን ሙሉ መለማመድ አለበት። ባግፓይፕ መማር የጀመረ ልጅ ለብዙ ወራት ዋናውን መሣሪያ አይነካም፤ ጣቱ እስኪፈታ ድረስ የመለማመጃ ቻንተር በሚሉት ቀጭን ዋሽንት መሰል ነገር ላይ ብቻ ይሠራል። በረዶ ጉልበት ድረስ በሚደርስበት ጃንዋሪ በየሳምንቱ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሄዳል፤ እዚያ ከእርሱ የሚበልጡም የሚያንሱም አሉ፤ ሽማግሌው ለወጣቱ፣ ወጣቱ ለሕፃኑ ያሳያል። ኦገስት ሲደርስ የሰሜን አሜሪካ የባግፓይፕ ባንዶች ሻምፒዮና በማክስቪል ይካሄዳል። ባንዶቹ ከጀማሪው አምስተኛ ደረጃ እስከ አንደኛው ደረጃ ተከፋፍለው ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዱ ባንድ ክብ ሠርቶ ሲቆም ዳኞቹ ዙሪያውን እየተመላለሱ የፓይፑን፣ የከበሮውንና የአንድነቱን ነጥብ ለየብቻ ይሰጣሉ። ከበሮው ሁለት ጊዜ ተከታታይ ምት አሰምቶ ሲያበቃ ፓይፑ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጀመር አለበት፤ አንዱ ቀድሞ ከጮኸ ወይም ዘግይቶ ከገባ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

ዳኛው የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ፤ በሩን ይከፍታል። ግሌንጋሪ ዛሬ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ብዙ የሆነበት አውራጃ ነው፤ በባንዶቹ ውስጥ የሚነፉት ልጆች የቤተሰብ ስም ሲነበብ ከማክዶናልድና ከማክሚላን ጋር የፈረንሳይ ስሞች ተደባልቀው ይሰማሉ፤ መልካቸው ከእስያ ወይም ከካሪቢያን የመጡ ወላጆች እንዳሏቸው የሚናገር ወጣቶችም አይቻለሁ። የጎሳዎቹ ድንኳን ውስጥ የዘር ሐረግ ይቆጠራል፤ አዛውንቶች ወፍራም መዝገብ ዘርግተው የእንግዳውን አያት ስም ያፈላልጋሉ፤ ያም የራሱ ክብር አለው። መድረኩ ላይ ግን የማን ልጅ ነህ የሚል የለም። ሰይፉን ካልነካች፣ ምቱን ካልሳተች፣ ጭፈራው የእርሷ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ሜዳው ላይ የሌለ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ቋንቋው። ወደ ግሌንጋሪ የመጡት ሰዎች የሚናገሩት ጌሊክ ነበር፤ የሚጸልዩበት፣ የሚዘፍኑበት፣ ከብቱን የሚጠሩበትም እርሱ ነበር። ዛሬ በዚያ ሜዳ ጌሊክ የሚገኘው በሰላምታና በሰሌዳ ላይ በቀሩ ጥቂት ቃላት ነው። ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ወላጆች ልጆቻቸው እንዲያልፍላቸው ብለው ቤት ውስጥም ቋንቋውን ተዉላቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚተካ አልተገኘም። ኬበር ለመጣል ጌሊክ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሰይፍ ላይ ለመጨፈርም አያስፈልግም፤ ስለዚህ ጨዋታው ቋንቋው ሲሞት ሳይጎዳ አለፈ። ይህን ሳስብ ከአድናቆቴ ጋር ፍርሃት ይደባለቅብኛል፤ ምክንያቱም የበዓል ድምቀት የጎደለውን ሊሸፍን ይችላል፤ ሰዉ ሜዳው ሞላ ብሎ ደስ ሲለው ቤቱ ባዶ መሆኑን አያይም።

ቋንቋም ቢሆን ግን ዳኛ ሊሰየምለት ይችላል። በስኮትላንድ ከ1892 ጀምሮ ሞድ የሚባል በዓል አለ፤ መጀመሪያ የተካሄደው በኦባን ከተማ ነው። በዚያ መድረክ የሚዘፍን ሰው ለዜማው አንድ ነጥብ፣ ለጌሊክ አነጋገሩ ሌላ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ቃሉን ካበላሸ ይሸነፋል። በኖቫ ስኮሺያም በኬፕ ብሬተን ደሴት ከ1938 ጀምሮ የጌሊክ ኮሌጅ ቆሟል፤ ክፍለ ሀገሩ በ2006 የጌሊክ ጉዳዮች ቢሮ ከፍቷል። ዘግይቶም ቢሆን ተነሥተዋል። ግሌንጋሪ ግን ያን ያህል ዕድል አላገኘም።

እኛ ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን አለን፤ በየበጋው ከተማ እየቀያየረ የሚያሰናዳው የእግር ኳስ ውድድር ስንቱን ወንድምና እኅት አገናኝቷል፤ ስንቱን ትዳር መሥርቷል። ውለታው ትልቅ ነው። እግር ኳስን ግን ልጆቻችን ከእኛ መማር አያስፈልጋቸውም፤ ትምህርት ቤታቸው ያስተምራቸዋል። ከእኛ በስተቀር ማንም ሊሰጣቸው የማይችለውን ነገር ስናቀርብላቸው ደግሞ ዳኛ አንሰይምለትም። ልጆቻችን በአዲስ ዓመት በዓል መድረክ ላይ እስክስታ ሲመቱ እናጨበጭባለን፣ በስልካችን እንቀርጻለን፤ «ትከሻህ ላልቷል፣ ምቱን ቀደምከው» የሚላቸው የለም። አማርኛ ግጥም ሲያነቡም «ጠብቆ የሚነበበውን አላላኸው» ብሎ ነጥብ የሚቀንስባቸው የለም። በፍቅር ነው የምናደርገው፤ ነገር ግን ልጅ ሁልጊዜ የሚጨበጨብለት ነገር ቁም ነገር እንዳልሆነ ቶሎ ይገባዋል።

ይህን ያሰብኩት በተለይ በገና ጨዋታ ምክንያት ነው። የስኮትላንድ ደገኞች ሺንቲ የሚባል፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። ድሮ በአዲስ ዓመት ቀን መንደር ከመንደር፣ የተጫዋች ቁጥር ሳይወሰን የሚገጥሙበት ነበር። የእኛ ገናም ባለ ቆልማማ ዱላ፣ ሩር የምትባል ኳስ ያለው፣ በልደት በዓል ሠፈር ከሠፈር የሚጋጠምበት፣ ጌታና ሎሌ የማይለይበት ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚህ ነው። ሺንቲ በ1893 የካማናክድ ማኅበር ተቋቁሞ ሕጉ ተጽፎለት፣ የተጫዋቹ ቁጥርና የሜዳው ልክ ተወስኖለት ዛሬም በሊግ ይካሄዳል። ገናን ግን በዚህ አገር የሚያውቁት ልጆች ቢኖሩ በወሬ ነው።

በምኖርበት ከተማ ላሉ የማኅበረሰባችን አባቶች ሐሳቡን አቅርቤላቸው ነበር። አንደኛው፣ በወጣትነታቸው በጎጃም የተጫወቱ፣ «ልጄ፣ ገና እኮ በወረቀት አይጫወቱትም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል» አሉኝ። ሌላኛው ሩሯ ከእንጨት ካልሆነች ገና አይደለም አሉ፤ በአዳራሽ ውስጥ ከሆነማ የቆዳ መሆን አለባት፣ ያለዚያ የሰው ዓይን ይጠፋል ያሉም ነበሩ። ከልብ ተከራከሩ፤ እኔም ሁሉን ጻፍኩ። ሩሯ በእጅ መነካት እንደሌለባት፣ ዱላ ከትከሻ በላይ መነሣት እንደሌለበት፣ እርሷም በወለሉ ላይ የማትነጥር ደልደል ያለች ቆዳ እንድትሆን ተስማምተናል። በገና ላይ ቡድኖቹ የሚሰዳደቡበት ግጥም ቦታ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው አላለቀም፤ እኔ ቦታ ኖሮት፣ በአማርኛ ግጥም ለገጠመ ልጅ ነጥብ ይሰጥ ባይ ነኝ፤ ዳኛውም ከሁለቱም ቡድን ቤተሰብ ውጪ የሆነ ሰው ይሁን ብያለሁ። በጃንዋሪ የሚከራይ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም እያፈላለግን ነው።